ርግቢቱ ባለቤት አላት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሁድ ስለ ዓለም የሐዘን ዘፈኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡናዬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ቡናው ቀዘቀዘ። «ኩኩሩኩኩ ፓሎማ»ን (ፓሎማ ርግብ ማለት ነው) «ደራሲው የማይታወቅ ጥንታዊ የስፔን ዘፈን» ብላችሁታል። ለዓለም ያስተዋወቀውም ብራዚላዊው ካይታኖ ቬሎሶ ነው ብላችኋል። በሁለት መስመር ይህን ያህል ስህተት ማጨቅም ችሎታ ነው።

ሌላውን ሁሉ ልተወው። «ደራሲው የማይታወቅ» የምትለዋን ግን አላልፋትም።

ደራሲው ይታወቃል። ቶማስ ሜንዴዝ ይባላል። በሜክሲኮ የሳካቴካስ ግዛት፣ ፍሬስኒዮ ከምትባል የብር ማዕድን ከተማ የወጣ ሰው ነው። ዘፈኑን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያረፈው ደግሞ በ1995። የማይታወቀው ደራሲያችሁ የፋክስ ዘመን ደርሶበታል ማለት ነው። «ጥንታዊ» ያላችሁትንም እናቴ ሰምታ ተቀይማለች። እሷ ዘፈኑን በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች።

ደራሲው የማይታወቅ የሜክሲኮ ዘፈን ካማራችሁ «ላ ዮሮና» አለላችሁ። እሱን ማን እንደደረሰው በእርግጥ አይታወቅም። ያንን ብትጽፉ ኖሮ እኔም ቡናዬን በሰላም እጠጣ ነበር።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሞክሬያለሁ። ጸሐፊው የፔድሮ አልሞዶቫርን የ2002 ፊልም ያየ ይመስለኛል። እዚያ ውስጥ ቬሎሶ ራሱ ቀርቦ፣ ሰዎች ተቀምጠው እያዳመጡት፣ ዘፈኑን ይጫወተዋል። ፊልሙ የስፔን ነው። ዘፋኙ ብራዚላዊ ነው። ቋንቋው ስፓኒሽ ነው። ደምሮ ሲያየው «የስፔን ዘፈን» ሆነ። ሒሳቡ ይገባኛል። ግን በዚህ ሒሳብ ቦብ ማርሌይም እንግሊዛዊ ነው።

ቬሎሶን አልነቅፍም። ከቼሎ ጋር ቀስ አድርጎ ሲያንጎራጉረው ልብ ይነካል። በ1997 የሆንግ ኮንጉ የፊልም ዳይሬክተር ዎንግ ካር ዋይ፣ በ2016 ደግሞ «ሙንላይት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የተጠቀሙት የእሱን ቅጂ ነው። እሱ ግን ወደ ዘፈኑ የመጣው አርባ ዓመት ቆይቶ ነው። ከእሱ በፊት ዘፋኟ ሎላ ቤልትራን ነበረች። ከሲናሎዋ መጥታ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኤክስ ኢ ደብልዩ ሬዲዮ ጣቢያ በቢሮ ጸሐፊነት ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ሜክሲኮ ውስጥ ይህ ዘፈን ሲነሳ ስሟ አብሮ ይነሳል። የሜክሲኮው ዘፋኝና ተዋናይ ፔድሮ ኢንፋንቴም በ1955 በወጣ ፊልም ላይ ዘፍኖታል። ኢንፋንቴ በ1957 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት አገሩ በሙሉ ነው ያለቀሰው። በጽሑፋችሁ ሁለቱም የሉም።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ሃሪ ቤላፎንቴም የለም። በ1959 ካርኔጊ አዳራሽ መድረክ ላይ ዘፍኖታል፤ ቅጂው እስከ ዛሬ አለ። ይሄው ቤላፎንቴ ነው ለ77ቱ ድርቅ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው እንዲዘፍኑ ሐሳቡን ያመነጨው። የአማርኛ ጋዜጣ ቢያንስ እሱን እንዴት ይዘለዋል?

ዘፈኑ ራንቸራ ከሚባሉት የሜክሲኮ የገጠር ዘፈኖች ጋር ይመደባል እንጂ ምቱ ዋፓንጎ የሚባለው የሜክሲኮ ምት ነው። ስድስት ስምንተኛ፣ የእኛው ችክችካ የሚሄድበት። ዋፓንጎ ላይ ድምፁ ከደረት ይነሳና ድንገት ተሰብሮ ወደ ቀጭኑ ይወጣል። ታሪኩ በፍቅር ሐዘን ስለሞተ ሰው ነው። ባዶ ቤቱ ላይ አንዲት ርግብ እየመጣች ታለቅሳለች፤ ነፍሱ ናት ይላሉ። «ኩኩሩኩኩ»ው የርግቧ ድምፅ ነው። ቬሎሶ ይህን ያንሾካሹከዋል። ሎላ ትጮኸዋለች። እኔ የሎላ ወገን ነኝ። ለቅሶ ቤት በሹክሹክታ ሲለቀስ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሎስ አንጀለስ ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጥቤያለሁ። የወጥ ቤቱ አለቃ የሳካቴካስ ሰው ነበር። «ዶን» እለው ነበር፤ እንደ ጋሼ ማለት ነው። እሁድ ማታ ስንዘጋ፣ ምድጃውን እየፈተገ ይህን ዘፈን ይዘፍናል። ቀጭኑ ድምፅ ላይ ሲደርስ ሁላችንም እናቆማለን።

አሁን የማልወደውን ልናገር። የልጁ ሰርግ ላይ ማሪያቺዎቹ፣ የሜክሲኮ ሰርግ አጫዋቾች፣ ጠረጴዛችን ጋ መጡና ምን እንጫወት አሉ። እኔ ሆዬ አዋቂ መስዬ «ያቺን የስፓኒሽ ዘፈን፣ የርግቧን» አልኩ። ዶን ሹካውን አስቀመጠ። «ስፓኒሽ ቋንቋው ነው። ዘፈኑ የእኛ ነው። ደራሲውም የአገሬ ልጅ ነው» አለኝ። በልጁ ሰርግ ላይ! ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ስለዚህ ጸሐፊያችሁን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የዛሬ 18 ዓመት እኔ ነበርኩ። ልዩነታችን እኔን ጠረጴዛ ላይ አረሙኝ፣ እሱን ግን አተሙት።

ለማረም ሞክሬያለሁ እኮ። የእናንተን የሥራ ሰዓት ጠብቄ፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝ። ከዚያ «ምን አለበት ጋሼ፣ ሁሉም ያው ስፓኒሽ አይደሉ?» አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ምን አለበት? ሙላቱ አስታጥቄን «የዚያ የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃ» እያሉ ሲጠሩብን ምን እንደሚሰማን ታውቁታላችሁ። እኔ ለስንት ባዕድ «ፊልሙ የወጣው በ2005 ነው፤ ሙዚቃው ግን ከፊልሙ በፊት የነበረ፣ የእኛ ነው» ብዬ እንዳስረዳሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ሰው ሲያደርግብን እንጮኻለን። እኛ ስናደርገው ምን አለበት።

ደግሞስ ከማን አገር ላይ? ጣሊያን ሲወርረን፣ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። ጃንሆይ ሜክሲኮን የጎበኙት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ዘፈኑ በወጣበት በዚያው ዓመት። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ አደባባይ አለ፤ በስማችን የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም አለ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጸሐፊያችሁ በየቀኑ ወያላ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጠራ ይሰማል። ስሙን እየሰማ ተሳፍሮ፣ ቢሮ ገብቶ «ስፔን» ብሎ ይጽፋል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። እርማት አውጡ። ከሟች ማስታወቂያ ሥር ሳይሆን ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ይሁን። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ቶማስ ሜንዴዝ፣ ሜክሲኮ፣ 1954።

ዶን አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ እግሩን ያመዋል። እርማቱ ከወጣ ቆርጬ እወስድለታለሁ። አማርኛ አያነብም። የሜንዴዝ ስም ያለበት ላይ ጣቱን አስቀምጬ አሳየዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሎስ አንጀለስ