ሁለቱን ዓይኖቼን እዪልኝ

የኔ ውድ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ፣ ገና ስሜን ስታዪ «ምን ፈልጋ ይሆን?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ ፈልጌሻለሁ። በቅድሚያ ግን ይቅር በዪኝ። ልደትሽ ሁለት ጊዜ አለፈ። መውለድሽን ከሰው ሰማሁ፤ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ጠፍቶ ከርሞ በደስታሽ ቀን ብቅ ማለቱ አሳፈረኝ። የጠፋሁበትን ምክንያት እነግርሻለሁ፤ አሁን ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። እስኪ መጀመሪያ ስለ ማስካራ ላውራሽ።

ሳቂ፣ ግዴለም። እኔና አንቺ ቁም ነገር ልናወራ ተቀምጠን ስለ ሽፋሽፍት ሳናወራ የተነሳንበት ቀን ካለ አስታውሺኝ።

አራት ማስካራ ገዝቼ እያወዳደርኩ ነው፤ አምስት ሳምንት ሆነኝ። በአንድ ቀን አንዱን ለቀኝ ዓይኔ፣ ሌላውን ለግራው። ጠዋት ዓይኔን ታጥቤ የቆቡን ቅባት በጥጥ እጠርጋለሁ፣ በሽፋሽፍት መቆልመሚያው ሁለቱንም እኩል ይዤ አጥፋለሁ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ዙር ብቻ። ማታ ቤት ስገባ ንጹሕ ሶፍት ከዓይኔ ሥር ጫን አድርጌ አነሳና የቀረበትን ጥቁር አያለሁ። በማግስቱ ደግሞ ቦታ አቀያይራቸዋለሁ። በቀኝ እጄ ዓይኔን የማሸት ልማድ እንዳለብኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ካላቀያየርኳቸው ጥፋቱ የማስካራው ይሁን የእጄ በምን ይለያል? ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እንዲህ ጠንክሬ የያዝኩት ነገር ከፈተና ወዲህ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ተራው ነው፣ በውሃና በሰም የተሠራው። ለዘወትር አይከፋም፤ ሽፋሽፍቱን ሳያጣብቅ ያጠቁራል፣ ማታም በቀላሉ ይታጠባል። ግን ጠዋት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመው ሽፋሽፍቴ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ወደ ታች ወረደብኝ። ስንት ዓመት «መቆልመሚያሽ አሮጌ ሆኖ ነው» ስትዪኝ ኖረሻል! መቆልመሚያው ምንም አላጠፋም። ሽፋሽፍት ያው ጸጉር ነው፤ ተተኩሶ የተጠቀለለ ጸጉር ዝናብ ሲነካው እንደሚፈታው ሁሉ፣ የታጠፈ ሽፋሽፍትም የማስካራው ውሃ ሲያረጥበው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ውሃ የማይበግረው ዋተርፕሩፉ፣ ይህ ችግር የለበትም። በውሃው ፋንታ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ስላለው ሰሙ እዚያው ደርቆ እጥፋቱን እንደያዘ ይቀራል። እንደኔ ሽፋሽፍቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም፤ ጠዋት እንዳቆምኩት ማታ አገኘሁት።

ማታ ግን ፈራሁት። በውሃና በሳሙና ንቅንቅ አይልም። ዘይት ያለበት ማስለቀቂያ ጥጥ ላይ አፍስሰሽ፣ ቆቡ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፈሽ፣ ሰሙ እስኪላላ ጠብቀሽ ነው ወደ ታች ቀስ አድርገሽ የምትጠርጊው። አንድ ማታ ደክሞኝ ስለነበር አልጠበቅኩም፤ አሸሁት። ጥጡ ላይ ሦስት ሽፋሽፍት ከነሥራቸው ተኝተው አገኘሁ። ለሌላ ሰው ሦስት ሽፋሽፍት ምን አላት? ለእኔ ግን… ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ሦስተኛው ያው ሽፋሽፍት ያወፍራል ተብሎ «ቮሊዩም» የሚሉት ነው፣ ብሩሹ ወፍራምና ጸጉራም የሆነ። ስሙን አልነግርሽም፤ እኔን አልስማማ አለኝ ማለት ሌላውን አይስማማም ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሰዓት ዓይኔን እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ጥቀርሻ እየተፈረፈረ ጉንጬ ላይ ወረደ። አንቺ ከነሌንስሽ ይህን ዓይነቱን እንዳትነኪ፤ ፍርፋሪው ሌንሱ ሥር ገብቶ መከራሽን ያሳይሻል። ማስረዘሚያ እየተባሉ ብናኝ ክር የተቀላቀለባቸውም እንደዚያው ናቸው። ደግሞ አሁንም ከተቀባሽ በኋላ ነው ሌንሱን የምታደርጊው? አስቀድመሽ አድርጊ፤ ማታም ሌንሱን ሳታወጪ ማስካራውን ማስለቀቅ አትጀምሪ።

አራተኛውን ልንገርሽ። ቱቢንግ ይሉታል። እኔ የያዝኩት ክሊኒክ የሚባለው ድርጅት የሚሠራውን ላሽ ፓወር ነው። ይህኛው ሰም እንደመቀባት አይደለም፤ ሲደርቅ እያንዳንዱን ሽፋሽፍት ለብቻው እንደ ቀጭን ቱቦ ይጠቀልለዋል። የማስካራ ጠላቱ እንባ ብቻ ይመስለን ነበር እኮ! ቅባት ነው፤ የቆባችን ወዝ፣ ክሬሙ፣ ሳንስክሪኑ። ሰሙን የሚያሟሟውና ከዓይናችን ሥር የሚያጠቁረን እሱ ነው። ይህን መጠቅለያ ግን ቅባቱ አይፈታውም። ደብተሬ ላይ ሰባት ቀን ተጽፏል፤ ሰባቱንም ማታ ሶፍቱ ነጭ ሆኖ ነው የተነሳው።

አወላለቁ ደግሞ! ለብ ያለ ውሃ በእፍኜ ይዤ ዓይኔን ነከርኩና ትንሽ ጠብቄ ሽፋሽፍቴን በሁለት ጣቴ ለቀቅ አድርጌ ሳብኩት። መዳፌ ላይ ምን አገኘሁ መሰለሽ? ጥቃቅን ጥቁር ክሮች፣ የጉንዳን እግር የሚያካክሉ፣ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ። ውሃው አልጠቆረም፤ እንደጠራ ነበር። መጀመሪያ ሽፋሽፍቴ የረገፈ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ወደ መስታወቱ ተጠግቼ አየሁ፤ ሁሉም በየቦታው ነው። መታጠቢያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ያለቀስኩበትን ለመንገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። እሺ፣ ልንገርሽ። ስትሄጂ የሰጠሽኝን ማስካራ አልጣልኩትም ነበር።

ያቺ ጥቁር ቱቦ ጀርባዋ ላይ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል አለ፤ መሃሉ ላይ 6 ቁጥር። ከተከፈተች በኋላ ስድስት ወር ብቻ ማለት ነው። የዓይን ሐኪሞች እንዲያውም በሦስት ወር ጣሉ ይላሉ። እኔ ዓመት ከስምንት ወር ያዝኳት። ክዳኗ ላይ የነበረው ወርቃማ ጽሑፍ በጣቴ ተፍቆ አለቀ። ብሩሹን ስስበው ደርቃ ቀጭ የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር፣ ሽታዋም ተለውጦ ጋዝ ጋዝ ይል ነበር። ስትደርቅብኝ ጠብታ ውሃ ጨመርኩባት። ያውም ብሩሹን እንደ ፓምፕ እያስገባሁና እያወጣሁ! ውሃው ተህዋስ እንዳያድግ የሚከለክለውን ነገር እንደሚያቀጥነው፣ ፓምፑም አየር እያስገባ ይበልጥ እንደሚያደርቃት ማን ነገረኝ? ለነገሩ ቢነግሩኝም የምጥላት አይመስለኝም። በየቀኑ ጠዋት ስከፍታት ያ የኮሪደሩ መስታወት ፊት የቆምን፣ አንቺም አገጬን ይዘሽ «አትርገብገቢ» የምትዪኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት የግራ ዓይኔ ቆብ አብጦ፣ ሽፋሽፍቱ በመግል ተጣብቆ ተነሳሁ። ሐኪሟ ቱቦዋን አምጪ አለችኝ፤ ከፈተችና አሸተተቻት። አልተቆጣችኝም፤ ብቻ ለዓይን የምጠቀምበትን ሁሉ እንድጥል ነገረችኝ። ሦስት ወር ምንም እንዳልቀባ፣ በሞቀ ጨርቅ እንድተኩሰው፣ የቆቡን ጠርዝ ጠዋት ማታ እንዳጸዳ። እብጠቱ ሲወርድ የግራው መሃል ሽፋሽፍት ረግፎ ባዶ ቦታ ቀረ።

ያን ሰሞን ነው የጻፍሽልኝ። «ማስካራው እንዴት ሆነልሽ? ፎቶ ላኪልኝ እንጂ» አልሽ። ምን ብዬ ልመልስ? ባበጠ ዓይን ፎቶ ልላክ? ስጦታሽ ዓይኔን አሳመመኝ ልበልሽ? ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ግን ራስሽን ትወቅሻለሽ፤ ጠባይሽ ነው። ሲሻለኝ እመልስላታለሁ አልኩ። ሲሻለኝ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ ሆነ። አንድ ወር ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ዓመት። ሐኪሟ የከለከለችኝ ለሦስት ወር ነበር፤ የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በማስካራውም ባንቺም። ይህን ነው አፌ ላይ አልመጣ ያለኝ።

አሁን ወጣ። እፎይ።

ሽፋሽፍቱ በቅሏል፣ አትጨነቂ። ሽፋሽፍት ከሥሩ ቢነቀልም የሚበቅልበት ቦታ እስካልተጎዳ ድረስ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የኔ ዘገየ፣ መሃል ላይም ከበፊቱ ሳሳ ብሎ ነው የመጣው። ለዚህ ነው ሦስቱን ሽፋሽፍት ጥጡ ላይ ሳይ ሰውነቴ የቀዘቀዘው። ብሩሽም ስመርጥ ቀጭን የፕላስቲክ ጥርስ ያለውን የያዝኩት ለዚሁ ነው፤ ወፍራሙ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀለም ጭኖ የሳሳውን ያጣብቀዋል፣ ቀጭኑ ግን እያበጠረ አጭሯን ሁሉ ለይቶ ያወጣልሻል። ከማስካራው ግማሹ ብሩሹ ነው፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ደብተሬ ላይ ደጋግሜ የጻፍኩት ይህንን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ቫዝሊንሽ ትዝ ይልሻል? ማስካራ ስናጣ በጣትሽ ጫፍ እየቆነጠርሽ ሽፋሽፍትሽን ስትቀቢ እንዴት እስቅብሽ እንደነበር? በቅርቡ አነበብኩ፤ በፈረንጆቹ 1915 ቶም ላይል ዊሊያምስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት የማስካራ ንግዱን የጀመረው እህቱ ሜብል ቫዝሊን ከከሰል ዱቄት ጋር ደባልቃ ሽፋሽፍቷን ስትቀባ አይቶ ነው። ሜይቤሊን የሚለው የድርጅቱ ስምም ከሜብልና ከቫዝሊን የተገጣጠመ ነው። ያቺ የምትምዪባት ሮዝ ቱቦ ባለ አረንጓዴ ክዳኗ ግሬት ላሽ እንኳ የዚያ ቫዝሊን የልጅ ልጅ ናት፤ ከ1971 ጀምሮ ገበያ ላይ አለች። ያኔ ለሳቅኩብሽ ካሳ ይሁንሽ።

ቦርሳሽ ውስጥ አሁን ያለውን ግን አውጥተሽ እዪው። ከወለድሽ ወዲህ ለመቀባት ጊዜ እንደማታገኚ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳትወልጂ የተከፈተ ነው የሚሆነው። ማን ይስጥሽ ማን፣ ጣዪው። እኔ የሰጠሁሽም ቢሆን።

የፈለግኩሽ ለዚህ ነው። ውድድሩ ወደ ሁለት ወርዷል፣ ዋተርፕሩፉና ቱቢንጉ። አንዱ እጥፋቱን ይይዝልኛል፣ ሌላው ሽፋሽፍቴን አይነቅልብኝም። ልቤ ወደ ቱቢንጉ አድልቷል፤ ለዚህም የራሴን ዳኝነት አላምንም። ዓይኔን ከኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከዚህ ጋር ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ትናንት ማታ፣ ከተቀባሁ ከ12 ሰዓት በኋላ የተነሳሁት ነው። አላስዋብኩትም። በቀኙ አንዱ፣ በግራው ሌላው አለ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አልነግርሽም። መጀመሪያ የትኛው ዓይን እንደሚያምር በዪኝ። ከዚያ ግራውን ትልቅ አድርገሽ መሃሉን እዪልኝ፤ ክፍተቱ ከታየሽ እንዳትደብቂኝ።

የልጅሽንም ፎቶ ላኪልኝ። ሽፋሽፍቱ ያንቺ ይሁን የአባቱ ማወቅ አለብኝ።

ያንቺዋ