ቤት ውስጥ አንቴና ለዘረጋችሁ አባላት

ሰላም የአዳማ አማተር ሬዲዮ አባላት፣

በሬዲዮ ስታሰራጩ የጎረቤት ቴሌቪዥንና ስፒከር የሚረበሸው ብዙ ጊዜ ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘው የኮአክሲያል ኬብል የውጭ ሽፋን ራሱ አንቴና ሆኖ ሲያሰራጭ ነው። ስለዚህ ኬብሉ ከአንቴናው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቾክ (በኬብሉ ሽፋን ላይ የሚመለሰውን የሬዲዮ ሞገድ የሚያግድ ጥምጥም) አስገቡ፦ በ31 ቁጥር ትልቅ ፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ አርጂ-58 የተባለውን ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል ከ10 እስከ 12 ዙር ጠምጥሙ። የብረት ዱቄት ቀለበት መልኩ ቢመሳሰልም ለዚህ አይሆንም። የአንቴናውን ሽቦ ከመብራት መስመር ጎን ለጎን አታስኬዱ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮው ሞገዱን ወደ ቤት ስለሚመልስ ወደ በረንዳ አውጡት።

የማሰራጫ ኃይሉንም እባካችሁ ቀንሱ፤ ከ100 ወደ 25 ዋት ስትወርዱ አድማጩ የሚያጣው 6 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ብቻ ነው።

የራሳችሁ ሬዲዮ ከጮኸ በ12 ቮልት ባትሪ አስነሱትና ብሬከሩን አጥፉ። ጩኸቱ ከቆመ ምንጩ ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር ፈትሹ።