ልጄ፣ ካቢኔቱን ራስሽ ልትገጥሚው ከሆነ

ልጄ እንዴት ነሽ? የኪችን ካቢኔቶቹ ደረሱ፣ ራሴ ነኝ የምገጥማቸው ስትይኝ ደስ ነው ያለኝ። እናትሽ "ባለሙያ ብትጠራ ምን አለበት" እያለች ነው፣ እኔ ግን ትችይዋለሽ ባይ ነኝ፣ ስራው በዋናነት የሚፈልገው ትዕግስት ነው፣ እሱን ደግሞ ከእናትሽ ወርሰሻል። በስልክ ያወራነው እንዳይጠፋብሽ በፅሁፍ ይሁን ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ወለሉን አትመኚው። አዲስ ቤት ቢሆንም አንዱ ጥግ ከሌላው አንድ ሁለት ሳንቲ ከፍ ሊል ይችላል፣ በአይን ደግሞ አይታወቅም። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ወለሉ ላይ አጋድሚና ውሃ ልኩን ከላዩ አድርገሽ፣ ካቢኔት በሚቆምበት ሁሉ እያዞርሽ ከፍ ያለችውን ቦታ ፈልጊ። ልኬቱ ከዛች ነጥብ ነው የሚነሳው፣ ምክንያቱም ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ከስር ሽብልቅ እየከተትሽ ካቢኔቱን ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ግን ዝቅ ላድርገው ብትይ ምንም መላ የለውም። የታችኛው ካቢኔት ቁመቱ 87 ሳንቲ ነው እንበል፣ 87 ላይ ምልክት አድርጊና በውሃ ልክ እየተከተልሽ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር አስምሪው። በዛ ላይ ከላዩ ለሚቀመጠው ማርብል 4፣ ከማርብሉ እስከ ላይኞቹ ካቢኔቶች ላለው መስሪያ ክፍተት 46 ሳንቲ ጨምሪና 137 ላይ ሁለተኛ መስመር፣ የላይኞቹ የታች ጠርዛቸው እሱ ላይ ያርፋል። አንቺ አጠር ስለምትይ ትንሽ ብታወርጂው ማንም አይቀየምሽም። ከምድጃው በላይ ያለው ክፍተት ግን በግምት አይሆንም፣ ከምድጃው ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቢ።

የላይኞቹን አስቀድሚ፣ የታቹ ከቆመ ለመቆሚያ ቦታ ታጫለሽ፣ እቃ ቢያመልጥሽም አዲሱን ካቢኔት ነው የሚቧጭረው። በሮቹንና መደርደሪያዎቹን ፍቺና የቱ የየትኛው እንደሆነ ፕላስተር ለጥፈሽ ፃፊባቸው፣ ባዶው ቀለል ይልሻል። ሁለተኛው መስመር ስር ደግሞ ቀጥ ያለ ጣውላ ለጊዜው በቪቴ ምቺ፣ ካቢኔቱ እሱ ላይ ተቀምጦ አንቺ በተረጋጋ እጅ ትበሻለሽ፣ እንደዛም ሆኖ አንድ ሰው ይያዝልሽ።

ከመብሳትሽ በፊት ሶኬትና ቧንቧ የት የት እንዳለ እይ፣ ሽቦ ብዙ ጊዜ ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደላይ ወይ ወደታች ነው የሚሄደው፣ በዛ መስመር ላይ ድሪል አይገባም በቃ። የኪችኑን ብሬከር አጥፊና መብራት ከሌላ ክፍል ሳቢ። ግድግዳው ኮንክሪት ከሆነ በ8 ቁጥር መብሻ 8 ቁጥር ፊሸር ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ቪቴውን የምትይዘው ፕላስቲክ ማለቴ ነው፣ ብሎኬት ከሆነ ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራው ፊሸር ዝም ብሎ ይሽከረከርብሻል፣ ለሱ የተሰራውን ፈልጊ። ጂፕሰም ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ቋሚ እንጨት ወይ ብረት ማግኘት አለብሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ40 ወይ በየ60 ሳንቲው ይገኛል፣ ሳህን የተሞላ ካቢኔት በጂፕሰም ብቻ አይንጠለጠልም። ቪቴው የካቢኔቱን ጀርባ ወፍራሙን አግዳሚ እንጨት ነው መብሳት ያለበት፣ ያቺ ስስ ጀርባ የምትሸፍነው ብቻ ናት፣ ክብደት አትችልም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቸኩለው። ከጥግ ጀምሪ፣ የመጀመሪያው ካቢኔት ከጠመመ ሁሉም ተከታትሎ ይጠማል። የግድግዳውን ቪቴ መጨረሻ ድረስ አታጥብቂው፣ ላላ አድርገሽ ተይውና ሁለተኛውን አምጥተሽ አስጠጊው፣ ሁለቱን በክላምፕ አጣብቂና መጋጠሚያቸው ላይ ጥፍርሽን አሂጂበት፣ ጥፍርሽ ከያዘው ገና ነው። ሲለሰልስልሽ ነው በስታችሁ የምታያይዟቸው፣ የሁለቱ ካቢኔቶች ጎን እያንዳንዱ 18 ሚሊ ውፍረት ስላለው ቪቴው 30 ሚሊ ይሁን፣ 40 ካስገባሽ ጫፉ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። ከዛ በኋላ ግድግዳው የጎደጎደበት ቦታ ከጀርባ ሽብልቅ እየሞላሽ ቪቴውን አጥብቂ፣ ሳትሞይ ካጠበቅሽው ካቢኔቱ ወደ ግድግዳው ተስቦ ይጣመምና በሮቹ አልገጥም ይሉሻል፣ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በሩ ላይ ያደርጋል። በየቪቴው ውሃ ልኩን መልሰሽ እይ፣ ይሰለቻል አውቃለሁ።

የታቹም በዚሁ መንገድ ነው፣ ብቻ ጥግ ላይ መሳቢያው ሲከፈት የጎረቤቱን እጀታ እንዳይገጭ ወደ 5 ሳንቲ የምትሆን መሙያ ጣውላ ይቀመጥ። የሲንኩ ካቢኔት ላይ ለቧንቧ የምትቆርጪውን ቀዳዳ ጠርዙን ሲልከን ቀቢው፣ ቺፑድ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ድሮው አይመለስም።

በሮቹን መጨረሻ ማርብሉ ከተቀመጠ በኋላ ግጠሚ። ማጠፊያው ላይ ማስተካከያ ቪቴዎች አሉ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ውስጥና ውጪ፣ አንዱ ወደ ላይና ታች፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞርሽ ክፍተቱን እኩል አድርጊው። ጋዙንና የመብራቱን ስራ ለባለሙያው ተይ፣ እዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር ተስማምቻለሁ።

መስመሩን አስምረሽ ስትጨርሺ፣ ድሪል ሳትነኪ፣ ውሃ ልኩን መስመሩ ላይ እንደያዝሽ ፎቶ አንሽና ላኪልኝ፣ አረፋዋ በደንብ ትታየኝ። ቅዳሜ ቀን ሙሉ ስልኬ ክፍት ነው።

አባትሽ