ላምፓንግን ደባሪ ናት ላላችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በታይላንድ ክፍለ ሀገር ከተሞች ስለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ታይላንድ ሲባል ባንኮክና ፉኬት ብቻ በሚወራበት ጊዜ ስለ ክፍለ ሀገሩ መጻፋችሁ አስደስቶኝ ነበር። ላምፓንግን፣ ሮይ ኤትንና ናኮን ሳዋንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ ለአንድ አዳር ቢበቁም ለመኖር ግን ይደብራሉ የሚለው ጋ ስደርስ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው ላምፓንግ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ በእንግሊዝኛ አስተምራለሁ።

ጽሑፉ ያነጋገራቸው ሰዎች በሙሉ ጡረታ የወጡ አውሮፓውያን ናቸው። ለእነሱ የታይላንድ መንግሥት ያስቀመጠው መስፈርት ግልጽ ነው፤ ዕድሜ ከ50 ያላነሰ፣ ባንክ ውስጥ 800,000 ባት ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ። ይህን ያሟላ ሰው ከተማ ሲመርጥ ባሕር ዳርቻውን፣ መጠጥ ቤቱን፣ የአገሩን ሰው ብዛት ቢያይ አይፈረድበትም። የእናንተ አንባቢ ግን ወደዚህ ቢመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሊሠራ፣ ሊነግድ ወይም ሊማር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከተማን የሚለካው በአዘቦት ቀን ነው። ጠዋት ወጥቶ ምን ይበላል? በስሙ የሚጠራው ማን ነው? ቢታመም የት ይሄዳል? ሲመሽ በምን ወደ ቤቱ ይገባል?

በዚህ ከተለካች ላምፓንግ ብዙ አላት። ከቺያንግ ማይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዋንግ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት። የቲክ እንጨት ንግድ በደራበት ዘመን የበርማና የቻይና ነጋዴዎች ያሠሯቸው ቤቶች ካድ ኮንግ ታ በሚባለው ሰፈር ዛሬም ቆመዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ገበያ ይሆናል። የፈረስ ጋሪም እስካሁን አለ፤ ላምፓንግ በመላው ታይላንድ የምትታወቀው በእሱ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚጭነው ጎብኚ ቢሆንም፣ እንደ እኔ ቢሾፍቱ ላደገ ሰው ጠዋት የኮቴ ድምፅ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ጎብኚ የማያየው የጠዋቱን ገበያ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይጀምርና ፀሐይ ስትከር ይበተናል። እናቶች ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ተቀምጠው፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን በአንድ በኩል፣ የሚጣበቀውን ሩዝ በትንንሽ ፌስታል በሌላ በኩል ደርድረው ይሸጣሉ። ከእነሱ አንዷ ቅመም ሻጭ ናት። ላርብ የሚባለውን የሰሜኑን የተከተከተ ሥጋ ምግብ የሚያጣፍጠውን ድብልቅ እዚያው እየወቀጠች ትሰጣለች፤ መጀመሪያ ቀን እንዳሸተው የሰጠችኝ ረዘም ያለ ቁንዶ በርበሬ ከጥምዝ ጋር ወንድማማች ይመስላል። አሁን ከሩቅ ስታየኝ ሳልጠይቅ ታዘጋጅልኛለች፤ ስሄድ ባረፈድኩ ቀን ደግሞ ምን እንዳገኘኝ ትጠይቃለች። ላርብ ዲፕ የሚባለው ተከትክቶ በቅመም የታሸ ጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ክትፎ ለሚወድ ባዳ አይሆንበትም፣ ሐሞት ስለሚገባበት ግን መረር ይላል። የአሳማውን ጥሬ ግን ማንም አይንካ፤ መስማት የሚያሳጣ፣ አልፎም የሚገድል በሽታ እንደሚያመጣ የጤና ባለሥልጣናት በየጊዜው ያስጠነቅቃሉ።

ጾመኛ ለሆነ አንባቢም ልጨምር። የዓሣ መረቅ የማይገባበት ምግብ እዚህ ጥቂት ስለሆነ ሥጋ እንዳይገባበት ብሎ ማዘዝ አይበቃም። «ጄ» ብሎ ያዘዘ ሰው ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ያገኛል፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይነካውም። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት የሰቀለ ቤት ሁሉ ይህን ይሠራል። በደቡብ ያለችው ትራንግ ደግሞ በየዓመቱ በጥቅምት አካባቢ ለዘጠኝ ቀን በዚህ ምግብ ትጥለቀለቃለች። ትራንግ በጠዋት ቁርሷ የምትታወቅ የጎማ ዛፍ አገር ናት። ከአጠገቧ ያሉ ደሴቶች ጎብኚውን ስለሚሻሟት ማንም አያድርባትም እንጂ ለጾመኛ ከእሷ የተሻለ ከተማ አላውቅም።

የታይላንዳውያን የምሽት ሰዓት አቆጣጠር እንኳ ከእኛ ጋር ይገጥማል። ፈረንጅ 7 የሚለውን አንድ፣ 8 የሚለውን ሁለት ብለው ይቆጥራሉ። ስለዚህ ከገበያ ሰው ጋር የማታ ቀጠሮ ስይዝ ተሳስቼ አላውቅም።

ላምፓንግን ስመጣ መርጫት አልነበረም። ባንኮክ ውስጥ መምህራን የሚያስቀጥር አንድ ድርጅት ማመልከቻዬን ተቀብሎ፣ በስልክ አነጋግሮኝ፣ ፓስፖርቴን ሲያይ ዝም አለ። ማስታወቂያዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው የሚሉት፤ ብዙ ጊዜ በዚያ የሚፈለገው መልክ ነው። የክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ግን የዲግሪ ማስረጃዬን ጠየቀ፣ ክፍል አስገብቶ ሳስተምር አየኝና ቀጠረኝ። የሥራ ፈቃዱንም የማኅበራዊ ዋስትናውንም ካርድ ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ስታመም የምታከመው በዚያ ዋስትና ነው። አፍሪካዊ መምህር ሆኖ ወደ ታይላንድ የሚመጣ ሰው በር የሚከፈትለት እናንተ ይደብራሉ ባላችኋቸው ከተሞች ነው። ይህን ሳይነግሩ ከተሞቹን ማጣጣል አንባቢን ይጎዳል።

ስለ ቻንታቡሪ አንድም ቃል አለመጻፋችሁ ደግሞ ገርሞኛል፤ ከክፍለ ሀገር ከተሞች ሁሉ ከእኛ ጋር በቀጥታ የምትገናኘው እሷ ናትና። ከባንኮክ በስተደቡብ ምሥራቅ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለተራ ጎብኚ የዱሪያን ፍሬ፣ የወንዝ ዳር ቤቶችና ከቬትናም የመጡ ካቶሊኮች የሠሩት ትልቅ ካቴድራል ያለባት ከተማ ናት። ከዓርብ እስከ እሑድ ግን የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ይቆምባታል። ገዢው ጠረጴዛ ተከራይቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ደላሎች በታጠፈ ነጭ ወረቀት የያዙትን ድንጋይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ያዞራሉ። ወረቀቱ ይከፈታል፣ ድንጋዩ በመቆንጠጫ ይነሳል፣ ካልኩሌተር ላይ ዋጋ ይጻፋል፣ ሌላው ያጠፋና የራሱን ይጽፋል፤ ብዙ ወሬ የለም። ከሞዛምቢክ ሩቢ፣ ከማዳጋስካር ሰንፔር ይመጣል። ከጊኒና ከሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች መጥተው እዚያው የሚኖሩ ነጋዴዎችም አሉ፤ ታይኛ እንደ ውኃ ነው የሚናገሩት።

እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በአክሱም አካባቢ መውጣት የጀመረው ሰንፔርም ወደ ታይላንድ ገበያ ገብቷል። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የመጣው ድንጋይ ቀለሙ እንዲከፈት እዚህ በእሳት ይጋገራል፣ ይቆረጣል፣ ይወለወላል፣ ከዚያ ዋጋው ሌላ ይሆናል። የቻንታቡሪ ሰዎች ይህን ድንጋይ የማቃጠል ሙያ ለአሥርተ ዓመታት ሲያሻሽሉት ኖረዋል። የደላንታን ኦፓልና የሻኪሶን ኤመራልድ ጥሬውን ለሚሸጥ አገር ልጅ ከዚያች ከተማ የሚማረው ብዙ አለ። የማዕድን ሙያ ያጠኑ ወጣቶቻችን እዚያ ሁለት ዓመት ቢቀመጡ አንድም ቀን አይደብራቸውም።

ኢሳን ስለሚባለው ሰሜን ምሥራቅ የጻፋችሁት በከፊል ትክክል ነው። እዚያ በእውነት የሚደብሩ ከተሞች አሉ፤ በአራት መስመር አስፋልት ዳርና ዳር መኪና መሸጫና የገበያ ማዕከል ብቻ የተደረደረባቸው፣ ሞተር ሳይክል ከሌለህ ዳቦ ለመግዛት የማትወጣባቸው። ሱሪን በኅዳር የዝሆኖቹ ትርኢት ሲያልፍ ብዙም አይቀራትም፤ ይህን ስል ሱሪን የሚኖሩ ወዳጆቼ ይቀየሙኛል። ቡሪራም ደግሞ ሌላ ታሪክ ናት። በድህነቷ ትታወቅ የነበረች ከተማ ትልቅ የእግር ኳስ ስታዲየም ሠራች፣ የሞተር ውድድር መሮጫ አነጠፈች፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ሞቶ ጂፒ የሚባለውን የዓለም ውድድር አስተናገደች። ውድድር ባለበት ሳምንት አልጋ አይገኝም፣ በማግስቱ ጭር ትላለች። እኔ የምሄድባት ለፋኖም ሩንግ ነው። በጠፋ እሳተ ገሞራ አናት ላይ የተሠራ የክመር ቤተ መቅደስ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀናት ፀሐይ በ15 በሮቹ ውስጥ ቀጥ ብላ ታልፋለች።

ኡዶን ታኒን በጡረተኞቿ ብዛት ማመስገናችሁን ግን አልቀበልም። የውጭ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ ቪዛና ስለ ታይላንዳውያን ሲያማርሩ የሚውሉትን ያህል የተሰላቸ ሰው የትም አላየሁም። ዓመታት ኖረውባት ከሰላምታ ያለፈ ታይኛ የማይችሉ አሉ። ኮን ኬን ትሻላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋና ሆስፒታሉ ወጣቱን ከየአቅጣጫው ስለሚስቡ ከተማዋ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ታገኛለች። ኡቦን ራቻታኒ አጠገብ ደግሞ ዋት ፓ ናናቻት የሚባል የጫካ ገዳም አለ። አጃን ቻ የተባሉት መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1975 ለውጭ አገር ሰዎች የመሠረቱት ነው፤ መግባቢያው እንግሊዝኛ፣ ምግቡ በቀን አንዴ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጥተው እዚያ ዓመታት የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ያቺ መንደር የምትደብር ብትሆን ኖሮ ገዳሙ እስካሁን ባዶውን በቀረ ነበር። የሚሠራው ነገር ያለው ሰው ከተማውን እንደዚያ አያየውም።

ላምፓንግን መንቀፍ ከፈለጋችሁ ግን እውነተኛው ነቀፋ ሌላ ነው፣ ጽሑፋችሁም ዘሎታል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ሰሜኑ በሙሉ ይጨሳል። ገበሬው የእርሻ ቃርሚያ ያቃጥላል፣ ጫካው ይነዳል፣ ከጎረቤት አገሮች የሚመጣውም ይጨመርበታል፣ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ደግሞ ጭሱን አትለቅም። ተራራው ከዓይን ይሰወራል። ልጆች ሜዳ ወጥተው መጫወት ይከለከላሉ፤ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ግማሾቹ ሲያስሉ እሰማለሁ። አቅም ያለው ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ የሌለው የአየር ማጣሪያ ገዝቶ በሩን ይዘጋል። አስም ያለበት ወይም ሕፃን የያዘ ሰው ላምፓንግ፣ ናን፣ ፕሬ ወይም ቺያንግ ራይ ለመኖር ከመወሰኑ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። ያመሰገናችኋት ቺያንግ ማይም ከዚህ አታመልጥም።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። በክፍለ ሀገር ከተሞች ሶንግታው የሚባሉት የጋራ መኪኖች ሲመሽ ይጠፋሉ፤ ሁሉም ሞተር ሳይክል ይይዛል። ታይላንድ በመንገድ አደጋ በሚሞተው ሰው ብዛት ከዓለም ከፍተኛዎቹ አገሮች ተርታ ናት። ከባልደረቦቼ እግሩ ያልተሰበረ ወይም ወዳጅ ያልቀበረ ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ስለ ሜ ሶት። «የድንበር ከተማ፣ ምንም የሌለባት» ብላችሁ አልፋችኋታል። ሜ ሶት ከበርማ የተሰደዱ ሰዎች የሚታከሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር ሲንቲያ ማውንግ የተመሠረተው የሜ ታኦ ክሊኒክ ያለባት ከተማ ናት። በየእርዳታ ድርጅቱ የሚሠራ ብዙ የውጭ ሰው ይኖርባታል፣ ሥራ ስላለውም አይሰለችም። ለእኛ ግን ሌላም ናት። በጥሩ ደመወዝ ሥራ ተብለው ከአዲስ አበባ የመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው በርማ ውስጥ ማያዋዲ ወዳሉት የማጭበርበሪያ ካምፖች የተወሰዱት በዚያች ከተማ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከካምፖቹ ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት የውጭ ዜጎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። የኢትዮጵያውያን ጋዜጣ ስለ ታይላንድ ክፍለ ሀገር ሲጽፍ ይህን ሊዘል አይገባውም ነበር። በታይላንድ ሕጋዊ ቀጣሪ ሠራተኛውን በሌሊት መኪና ጭኖ ወደ ድንበር አይወስድም፤ ሜ ሶት ላይ እንቀበላችኋለን የሚል የሥራ ጥሪ የደረሰው ሰው ካለ ከቤቱ አይውጣ።

ስለዚህ ጽሑፉን እንድታርሙት ወይም ሌላ እንድታክሉበት እጠይቃለሁ። ቻንታቡሪ ገበያ ላይ ያሉትን አፍሪካውያን፣ በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩትን፣ ሜ ሶት የሚሠሩትን አነጋግሩ። ላምፓንግን ራሷን የሚያይ ሰው የምትልኩ ከሆነ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይምጣ፤ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ጠዋት ሹራብ ያስፈልገዋል። ገበያውን እኔ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
መምህርና የዘወትር አንባቢያችሁ
ላምፓንግ፣ ታይላንድ