እብጠት ያላትን ሴት ማሞግራም ብቻ አንስታችሁ አታሰናብቱ

ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፣

ስለ ታናሽ እህቴ አቤቱታ አስገብቼ ነበር። «እየታየ ነው» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ የጠራኝም የጠየቀኝም የለም። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

እህቴ 34 ዓመቷ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሄደች። ማሞግራም የሚባለውን የጡት ራጅ ተነሳች። «ምንም የለም፣ አይዞሽ፣ ሂጂ» አሏት። እብጠቱ እኮ አለ! የመረመራት ሐኪም ራሱ በእጁ ዳስሶታል። የውጤት ወረቀቷ ላይ ደግሞ ጡቷ በጣም ጥቅጥቅ ያለ እንደሆነና ይህም ዕጢን ሊሸፍን እንደሚችል ተጽፏል። ማንም አልነገራትም። አልትራሳውንድ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፤ ስትጠይቅ «የነፍሰ ጡሮች ነው» ተባለች። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ በአልትራሳውንድ ስትታይ ዕጢው ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ በዚያው መሣሪያ እያዩም በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። ካንሰር ነው። ብብቷ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች ጋ ደርሷል።

እርስዎ ይህን ያውቁታል፣ እኔ ግን ለሚያነቡት ሴቶች ልናገር። ማሞግራም ራጅ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጡት በራጅ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ዕጢውም ነጭ ነው፤ ነጭ ነጠላ ላይ የወደቀ ነጭ ክር እንደመፈለግ ማለት ነው። የወጣት ሴቶች ጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ እዚያ ውስጥ ዘልቆ ያያል፣ ውኃ የቋጠረውንም ከጠጣሩ ይለያል፣ ጨረርም የለውም። ማሞግራም ይቅር እያልኩ አይደለም። በእጅ የማይዳሰስ ካንሰር ምልክት የሚሆኑትን ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች የሚያሳየው እሱ ነው፣ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል። አልትራሳውንድ በሚያነሳው ሰው ችሎታ ይወሰናል የሚሉም አሉ። እውነት ነው። ታዲያ ባለሙያ ማሠልጠን የማን ሥራ ነው? በማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ ከሁለቱም የበለጠ ያያል፣ ግን ውድ ነው፣ ካንሰር ያልሆነውንም አጠራጣሪ ያደርጋል። እሱን አልጠየቅንም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ ምርመራው ሴቲቱ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት ይላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ማሞግራም የሚያነሳ ተቋም ሁሉ ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑን ለሴቲቱ በጽሑፍ የመንገር ግዴታ አለበት። ለእህቴ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጎደላት።

ለሥርዎ ላሉ ሆስፒታሎች ሰርኩላር ይጻፉ። እብጠት ይዛ የመጣች ሴት ማሞግራሟ ንጹሕ ቢሆን እንኳ አልትራሳውንድ ሳትታይ አትሰናበት፣ ካጠራጠረ ናሙና ይወሰድ። ውጤቷም በሚገባት ቋንቋ ተጽፎ ይሰጣት። አዲስ ማሽን ግዙ አላልንም፣ ያለውን ክፈቱልን። ለአቤቱታዬም በጽሑፍ መልስ ይስጡኝ፤ እህቴን «ምንም የለም» ብሎ የፈረመው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።