ካቻቢቴዎቹን ለቆራሌው እንዳይሰጡ

ይድረስ ለክቡር አባቴ
ደሴ

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ኮምቦልቻ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ብርዱ እስኪለቅ ጠዋት ጠዋት መውጣቱን ይተዉት።

በስልክ ያነሱትን የካቻቢቴዎች ነገር በጽሑፍ ያደረግሁት ልኬት ስላለው ነው፤ በስልክ የተባለ ቁጥር ይጠፋል። ሳጥኑን እንዳለ ለቆራሌው ሊሰጡ ነው ያሉትን ግን እባክዎ ይተዉት። ያረጀው እጀታው ነው እንጂ ብረቱ ዛሬም ይሠራል። ጫፉ የተሸረፈውን በሞረድ ያስተካክሉታል፤ ብረቱ ራሱ የተጠማዘዘውን ብቻ ይስጡ።

መጀመሪያ ይለዩዋቸው። ቢጫና ብርሃን የሚያሳልፍ እጀታ ባላቸው ላይ የወጣው ነጭ ዱቄት ሻጋታ አይደለም። ፕላስቲኩ ሴሉሎስ አሲቴት ወይም ዘመዱ ቡቲሬት ስለሆነ ሲያረጅ አሲድ ይተፋል፤ አሲቴቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ፣ ቡቲሬቱ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትውከት ትውከት ይላል። ካልተሰነጠቀ በሞቀ ውሃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጎ ማድረቅ ይበቃዋል። ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ግን አይመልሱት። የኮምጣጤው ትነት አብረውት ያሉትን ብረቶች ያዝጋል። ግድግዳ ላይ አየር እያገኘ ይሰቀል።

ላዩ ጎማ ሆኖ እጅ ላይ የሚጣበቀውን ጎማውን በቢላ ልጠው ይጣሉት፤ ከሥሩ ደረቅ ፕላስቲክ አለ። የቀረውን ሙጫ በአልኮል የራሰ ጨርቅ ያነሳዋል።

ቀይና ቢጫው፣ 1000 ቮልት የተጻፈበት፣ ከተሰነጠቀ ነገር አያስፈልገውም፤ ይጣል፣ አዲስ ይገዛ። ከዚህ በታች የምጽፈው የእንጨት እጀታ መብራት ያለበት ሽቦ ጋ ፈጽሞ አይቀርብም። እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ቤታችን ያለው ደግሞ 220 ቮልት ነው።

አሁን ለተሰነጠቁትና ብረቱ ውስጣቸው ለሚሽከረከረው። ብረቱን ሞርሳ ላይ ይያዙት፤ የሞርሳው ጥርስ እንዳይበላው ግራና ቀኙን ቁራጭ ቆዳ ያድርጉበት። እጀታውን በሴጌቶ ርዝመቱን ይዘው ከሁለት ወገን ይሰንጥቁት፣ ብረቱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ያቁሙ፣ ከዚያ መሮ አስገብተው ይፈልቅቁት። በእሳት ላቅልጠው እንዳይሉ። ጭሱ መጥፎ ነው፣ ብረቱም ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬውን ያጣና ጫፉ ብሎን ላይ ይታጠፋል። ፕላስቲኩ ሲነሳ ብረቱ ጭራ ላይ ተቀጥቅጠው የተዘረጉ ሁለት ክንፎች ያያሉ። እንዳይሞርዷቸው፤ ብረቱ እንዳይሽከረከር የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ለእንጨቱ ከጓሮ የተጣለውን የዶማ እጀታ ስባሪ ይጠቀሙ። ወይራ ነው፣ ለዓመታት ደርቋል፣ ከዚያ የተሻለ በገንዘብም አይገኝም። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጽድም ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። ድርቀቱን ሲበሱት ያውቁታል፤ ብናኙ እንደ ዱቄት ከወጣ ደርቋል፣ ፑንታው ላይ ከተለጠፈ ገና ነው። እርጥብ እንጨት በኋላ ሲኮማተር ወይ ይሰነጠቃል ወይ ብረቱን ይለቃል።

ርዝመቱ 12 ሴንቲ፣ የእንጨቱ ጭረት ርዝመቱን ይዞ ቀጥ ብሎ የሄደ፣ ገና ያልተጠረበ ይሁን። ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና ቀስ ይበሉ፤ መጀመሪያ ይበሱት፣ ቅርጹን ቀጥለው ያውጡ። አሳምረው ጠርበው ከጨረሱ በኋላ ከበሱት ቀዳዳው በትንሹም ቢያጋድል ካቻቢቴው ሲዞር ይንገዳገዳል። ቀድመው ከበሱት ግን ቀዳዳውን መሃል አድርገው ዙሪያውን መጥረብ ይቻላል፤ ቢያጋድልም ስህተቱ በጠረባ ይጠፋል። ለባለ 6 ሚሊሜትሩ ካቻቢቴ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሚሊሜትር ከሆነ 9 ቁጥር ፑንታ ይያዙ፣ ፑንታው ላይ 60 ሚሊሜትር ለክተው ፕላስተር ይጠምጥሙ፣ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ያቁሙ። አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ድሪሉ ማዘንበሉን ይይልዎት፤ የሚበሳው ሰው ራሱ አይታየውም።

ከዚያ በሴጌቶ ምላጭ ጫፍ የቀዳዳውን ግድግዳ ርዝመቱን ይዘው አራት ቦታ ይጫሩት። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ማጣበቂያው ብረቱን በክንፉ በኩል አጥብቆ ይይዛል፣ ለስላሳ ግድግዳ ካገኘ ግን ማጣበቂያው ራሱ እንደ ቡሽ እንጨቱ ውስጥ ይዞራል።

አፉ እንዳይሰነጠቅ ቀለበት ይሥሩለት። ከግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ 15 ሚሊሜትር ይቁረጡ፣ ውስጡ ያለውን የብየዳ ጠባሳ በሞረድ ያጥፉ፣ የእንጨቱን አንገት ከቱቦው ውስጥ በጥቂቱ ወፈር አድርገው ጠርበው በመዶሻ ያስገቡት።

ማጣበቂያው ባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ ነው። ሱፐር ግሉ ክፍተት አይሞላም፣ ሲጠመዘዝም ይሰባበራል። በ5 ደቂቃ ከሚደርቀው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ስለሚጠነክር የላክሁት እሱን ነው። ለአንድ እጀታ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ አለፍ ይላል። ከሁለቱም እኩል አውጥተው ሙሉ ሁለት ደቂቃ ያማስሉ፤ እኩል ካልሆነ ወይም በደንብ ካልተዋሐደ ሳምንትም ቢቆይ እንደ ማስቲካ ይቀራል። የወይራውን ብናኝ ጥቂት ቢጨምሩበት ወፈር ብሎ ክፍተቱን ይሞላል። ብረቱን አስቀድመው በሞረድ ያሻክሩት፣ ቅባቱን በቤንዚን ይጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በእጅ አይንኩት። ቤንዚኑን ውጭ፣ ከምድጃ ርቀው።

ቀዳዳውን እስከ ግማሽ ይሙሉና ቀጭን ሽቦ ይክተቱበት። አለዚያ የታፈነው አየር ብረቱን መልሶ ይገፋዋል፤ ገባ ያሉት ካቻቢቴ ጠዋት አንድ ሴንቲ ወጥቶ ያገኙታል። ብረቱ ሲገባ ሽቦውን ይሳቡ። ክንፎቹ ሙሉ ለሙሉ ሲገቡ አፉ ላይ ቀዳዳው እስኪጠብ ክር ጠምጥመው መሃል ያስይዙት፣ ከሁለት አቅጣጫ አይተው ቀጥ ያድርጉት።

ኮምቦልቻ ቢሆን በማግስቱ ይደርቃል። ደሴ ግን የሌሊቱ ብርድ ኢፖክሲን ያዘገየዋል፤ ሁለት ቀን ይስጡት፣ ጓዳም ሳይሆን ምድጃው ያለበት ክፍል ውስጥ ያቁሙት፣ ከእሳቱ ግን ራቅ አድርገው። ከደረቀ በኋላ ጫፉን ሞርሳ ላይ አጥብቀው እጀታውን ግራና ቀኝ ይጠምዝዙ። ሲጥ ካለ አልያዘም ማለት ነው፤ የፈላ ውሃ ብረቱ ላይ ደጋግመው ቢያፈሱ ኢፖክሲው ይለሰልሳል፣ ነቅለው እንደገና ይሞክራሉ።

ቅርጹን ሲያወጡ አያቅጥኑት። ለእጅዎ 35 ሚሊሜትር ያህል ወፍራም ይሁን፤ እጀታ ሲወፍር ለዚያው ብሎን የሚጠየቀው ጉልበት ይቀንሳል፣ ጣትም አያምም። ፍጹም ክብ ከሚሆን ሦስት አራት ቦታ ጠፍጠፍ ይበል፣ ጠረጴዛ ላይም አይንከባለልም። በሞረድ ጀምረው በጠርሙስ ስባሪ ይፋቁት፣ በመጨረሻ 120 ከዚያ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። ቫርኒሽ አይቀቡት፣ ያንሸራትታል። የተልባ ዘይት በስሱ ቀብተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይጥረጉ፣ በሁለት ሁለት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የጠረጉበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ እንዳይጥሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፣ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ይህ ሁሉ ድካም ለትንንሾቹ አያስፈልግም። ለእነሱ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለ ቀለበት የሞረድ እጀታ ቢያገኙ ቀዳዳውን በልኩ አስፍተው በዚያው ኢፖክሲ ማቆም ነው። አንዳቸውንም ግን በመዶሻ እየመቱ እንደ መሮ እንዳይጠቀሙባቸው። አውቅዎታለሁና ነው።

ሁለት ጥንድ ኢፖክሲ፣ 9 ቁጥር ፑንታና የተቆረጡ አራት ቀለበቶች ማክሰኞ በሚመጣው ሚኒባስ ልኬያለሁ። የሌሎቹን ክንፍ ስፋት ለክተው ቢነግሩኝ የሚሆናቸውን ፑንታ እጨምራለሁ።

ለእማ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ
ኮምቦልቻ