የጸጸቱ ባለቤት ማን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቤታን ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ2012 ስላሳተመችው «ማይ ፖሊስማን» («የእኔ ፖሊስ») ልብ ወለድ በመጽሐፍ ዓምዳችሁ የወጣውን አጭር ጽሑፍ አነበብሁት። ጸሐፊው መጽሐፉን የተከለከለ ፍቅር ውስጥ ገብተው ኋላ የተጸጸቱ ሁለት ወንዶች ታሪክ አድርገው አቅርበውታል። በዚህ አልስማማም። የመጽሐፉ ትልቁ ጸጸት የሁለቱ ወንዶች ሳይሆን የጠቋሚዋ ነው።

ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በብራይተን ነው። ቶም ወጣት ፖሊስ ነው፣ ማሪዮን የትምህርት ቤት መምህርት ናት፣ ፓትሪክ ደግሞ በከተማው ሙዚየም ይሠራል። ቶም ማሪዮንን ባሕር ውስጥ ዋና ያስተምራታል፣ በኋላም ያገባታል። ልቡ ግን ፓትሪክ ዘንድ ነው። ፓትሪክ በግል ማስታወሻው እንኳ የቶምን ስም ለመጻፍ አይደፍርም፤ «የእኔ ፖሊስ» ብሎ ያልፈዋል። ደብተሩ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚከተል ያውቃላ! ማሪዮን ነገሩን ስትደርስበት ቅናት ያንገበግባትና ስሟን ሳትጽፍ ለፓትሪክ አለቃ ደብዳቤ ትልካለች። ፓትሪክ ወህኒ ይወርዳል።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በስትሮክ የተመታውንና አንደበቱ የተያዘውን ፓትሪክን ቤቷ አምጥታ የምታስታምመው ይህችው ማሪዮን ናት። ቶም አጠገቡ መቀመጥ ያቅተዋል። እሷ ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ በጎን ደግሞ የሠራችውን አንድ በአንድ ትጽፍለታለች። ከመጽሐፉ ግማሽ የሚበልጠው ይህ ኑዛዜ ነው። ቶምም ይጸጸታል፤ የሚጸጸተው ግን በመውደዱ ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ዝም በማለቱ ነው።

ዓምዳችሁ የዘመኑን ሕግ ጨርሶ ሳያነሳ ማለፉ ደግሞ ይበልጥ አሳዝኖኛል። ታሪካዊ ልብ ወለድ ከሕጉ ተነጥሎ እንዴት ይነበባል? እ.ኤ.አ. በ1885 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በወንዶች መካከል የሚፈጸም ማንኛውንም «ነውረኛ ድርጊት» እስከ ሁለት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ በስውር የተደረገም ቢሆን። ሰው አስፈራርተው ገንዘብ ለሚቀበሉ የተሰጠ ፈቃድ ነው እየተባለ የተተቸው ለዚህ ነው። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1952 ለፖሊስ ያመለከተው ቤቱ መዘረፉን ነበር። ምርመራው ዞሮ ዞሮ እሱኑ ተከሳሽ አደረገው፤ ከእስራት ይልቅ የሆርሞን መርፌ መረጠ፣ በሁለት ዓመቱም ሞተ። ሕጉን እንዲመረምር በመንግሥት የተቋቋመው የዎልፌንደን ኮሚቴ ሕጉ እንዲሻር እ.ኤ.አ. በ1957 ሐሳብ ቢያቀርብም ፓርላማው እስከ 1967 አሥር ዓመት ፈጀ። ያኔም ቢሆን ማሻሻያው ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ፣ 21 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ነበር። ስኮትላንድ እስከ 1980፣ ሰሜን አየርላንድ እስከ 1982 ጠበቁ። የማሪዮንን አንድ ገጽ ወረቀት የሰው ሕይወት ማጥፊያ ያደረገው ይህ ሕግ ነው።

ደራሲዋ ለዚህ ታሪክ መነሻ የሆናት የዝነኛው ጸሐፊ የኢ. ኤም. ፎርስተር ሕይወት ነው። ፎርስተር ቦብ ባኪንግሃም የተባለ ፖሊስ ይወድ ነበር፤ ቦብም ሜይ የምትባል ነርስ አገባ። ሜይ መጀመሪያ ላይ ከፎርስተር ጋር ብትቃቃርም ለማንም አልጠቆመችም። እየዋለ እያደረ ወዳጅ ሆኑ፤ ሽማግሌው እ.ኤ.አ. በ1970 ያረፈውም በኮቨንትሪ፣ በባልና ሚስቱ ቤት፣ እሷ እያስታመመችው ነው። ይህን ሳውቅ መጽሐፉን እንደገና ከፍቼ አነበብሁት። ማሪዮንም እንደ ሜይ ለመሆን ዕድሉ ነበራት፤ የሚያንገበግባትም እሱ ነው።

አብዛኛው አንባቢያችሁ በዚህ ጉዳይ ላይ የጸና ሃይማኖታዊ አቋም እንዳለው፣ የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን እንደሚከለክል አውቃለሁ። ማንም እምነቱን እንዲለውጥ እየጠየቅሁ አይደለም። ነገር ግን ስም የሌለው ጥቆማ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በቀይ ሽብር ዘመን በጎረቤት ጥቆማ ልጁን ያጣ ስንት ወላጅ አለ? ማሪዮን ብዕር አንስታ ያንን ደብዳቤ ስትጽፍ የእኛ አገር አንባቢ ከሌላው ቀድሞ ልቡ ይመታል ብዬ አምናለሁ። ዓምዳችሁ ይህን ትዕይንት በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላነሳውም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ እርማት እንዲያወጣ፣ ቢቻል ደግሞ መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ስለ ማሪዮን ደብዳቤና ስለ 1885ቱ ሕግ በስፋት እንዲጽፍ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከለንደን